በፕሮቪንስ እጩነት ወደ ካናዳ፦ ከነጥቡ በፊት የሚታየው

በሙያቸው ወደ ካናዳ ለመሄድ የሚያስቡ ብዙዎች ዓይናቸው ኤክስፕረስ ኢንትሪ በተባለው የፌዴራል ማመልከቻ ሥርዓት ነጥብ ላይ ነው። አንድ የካናዳ ክፍለ ግዛት (ፕሮቪንስ) አመልካችን መርጦ የሚያቀርብበት የፕሮቪንስ እጩነት ብቻውን 600 ነጥብ ስለሚያስገኝ አይፈረድባቸውም። ፕሮቪንሱ የሚመርጠው ግን የሥራ ገበያው የጎደለውን ሙያ ያለውንና እዚያው ለመኖር ያሰበውን ሰው ነው። ስለዚህ «የቱ ፕሮቪንስ ይቀላል?» ከማለት በፊት «ሙያዬን የሚፈልገው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሥራ ልምዱም በሰነድ መደገፍ አለበት። «በመሥሪያ ቤታችን አገልግለዋል» የሚል አጭር ደብዳቤ አይበቃም፤ የሥራ መደቡ፣ ዝርዝር ተግባሩ፣ የሳምንት የሥራ ሰዓቱና ደመወዙ መገለጽ አለባቸው። የቋንቋ ፈተና ውጤትም የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው።

«ቋሚ ነዋሪ ከሆንኩ በኋላ የፈለግሁበት መኖር መብቴ አይደለም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አዎ፣ የካናዳ የመብቶች ቻርተር 6ኛ አንቀጽ ይህን ይፈቅዳል። ሆኖም በማመልከቻው ላይ የሚገለጸው በፕሮቪንሱ የመኖር ሐሳብ እውነተኛ መሆን አለበት፤ በሐሰት ማመልከት ለ5 ዓመት ሊያሳግድ ይችላል። ደግሞም እጩነት የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ጤናንና የወንጀል መዝገብን አጣርቶ ቋሚ ነዋሪነትን የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። «እርግጠኛ ነው» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅን ደላላ አትመኑ።