የቆሰለች ዶሮ ወደ ቆጧ ስትመለስ

ጭልፊት ነጥቆ የጣላት ወይም ሸለምጥማጥ ጀርባዋን የቦጨቃት ዶሮ በየግቢው የሚጠብቃት ፍርድ አንድ ነው፤ «ቢላ አምጡ!» ምክንያት ሲጠየቅም፣ ዶሮ አንዴ ደም ከቀመሰች ደም ትለምዳለች፣ የቆሰለችው ብትድን እንኳ ሌሎቹ ሳይጨርሷት አይተዉም ይባላል። ወሬው ግማሽ እውነት አለው። መዳን የምትችለውን ዶሮ የሚያሳርዳት ግን የተቀረው ግማሽ ነው።

ሕክምናው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ጸጥ ያለና ሞቅ ያለ ቦታ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ጥሬ። ቁስሉ 9 ግራም ጨው በሟሟበት 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይታጠባል፤ አልኮል አይፈስበትም፣ የሚያገግመውን ሥጋ ያቃጥላልና። ዝንብ እንዳያርፍበት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲይዟት ደረቷን መጭመቅ አይገባም፤ ዶሮ እንደ ሰው ድያፍራም ስለሌላት የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን እያንቀሳቀሰች ነው። ጥልቅ ቁስል፣ ስብራትና የድመት ንክሻ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ናቸው፤ መድኃኒት ከተሰጣትም እንቁላሏ ሐኪሙ እስከወሰነው ቀን ድረስ አይበላም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መግል ላይ ነው። ፈሳሽ መግል ስላላየ ቁስሉ ያልመረቀዘ ይመስለዋል። የሰው ነጭ የደም ሴሎች የሞተውን ሥጋ የሚያቀልጡባቸው ኤንዛይሞች አሏቸው፤ የዶሮዎቹ አቻ ሴሎች ከዋነኞቹ አንዱ ይጎድላቸዋል። ስለዚህ የዶሮ መግል አይፈስም፤ እንደ አይብ ይረጋል። ቁስሉ አጠገብ ጠጠር ያለ እብጠት ከተዳሰሰ ሐኪም መጥራት እንጂ «ደርቋል» ብሎ መተው አይገባም።

የታመመችን ሁሉ «ፈንግል ይዟታል» የማለት ልማድም መታረም አለበት። ፈንግል ከዶሮ ወደ ዶሮ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው፤ የያዛት ዶሮ ከመንጋው መራቅ አለባት። የቆሰለችው ግን ከመንጋው ዓይን መጥፋት የለባትም። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ1922 ኖርዌያዊው ቶርላይፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ ስለ ዶሮዎች ማኅበራዊ ኑሮ ጥናት አሳተመ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲከታተል የኖረ ሰው ነበር፤ እያንዳንዷን በመልኳ ለይቶ ማን ማንን እንደምትነቁር መዘገበ። አንደኛዋ ሁሉንም ትነቁራለች። ሁለተኛዋ ከአንደኛዋ በቀር ሁሉንም። እንዲህ እያለ ማንንም እስከማትነካው መጨረሻ ድረስ ይወርዳል። አልፎ አልፎ ሦስት ዶሮዎች ክብ ይሠራሉ፤ አንደኛዋ ሁለተኛዋን፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን፣ ሦስተኛዋ ተመልሳ አንደኛዋን ትነቁራለች።

ይህን በአማርኛ «የመንቆር ተራ» ማለት ይሻላል። «መናቆር» ከዚያው ሥር ቢወጣም ሁለት ወገን እየተመላለሰ የሚጣላ ያስመስላል። ተራው የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ የበላይዋ ስትነቁር የበታችዋ ዘወር ትላለች እንጂ አትመልስም። ተራው ከጸና በኋላ ጥሬ ላይ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ጠቡ ይቀንሳል።

ለመታከም የተወሰደች ዶሮ እንግዲህ ከታክሲ ሰልፍ ወጥታ እንደሄደች ሴት ናት። ስትመለስ ሰልፉ ተጠጋግቶ ቦታዋን ዘግቶታል። ይባስ ብሎም መልኳ ተለውጧል። በ1953 ጉልና ኦርትማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የዶሮዎችን መልክ እየለወጡ ወደ ጓደኞቻቸው መለሷቸው፤ ከሁሉ በላይ የሚያምታታው የራስና የአንገት ለውጥ ሆኖ ተገኘ። የቆሰለች ዶሮ ደግሞ እንቁላል መጣል ስታቆም በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፣ ይኮማተራል። ጓደኞቿ የሚያዩት ጎፈሬውን ተላጭቶ እንደመጣ ጎረቤት ነው። እንግዳ ደግሞ ተራውን እንደገና መታገል አለበት።

ዶሮ ጓደኛዋን ለስንት ጊዜ ታስታውሳለች? እዚህ ላይ ባለሙያዎቹ አይስማሙም። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲባል ይሰማል፤ ግን እንደ ዕድሜ፣ እንደ መንጋው ብዛትና እንደ ቀድሞ ቦታዋ ይለያያል። በግቢ ውስጥ ያሉ ጥቂት ዶሮዎች በመልክ ይተዋወቃሉ ማለት ያስኬዳል። በመቶዎች በሚቆጠሩበት ቤት ግን ሁሉንም መለየት ስለማይቻል የራስ ሥጋቸው ትልቅነት እንደ ማዕረግ ምልክት ያገለግላል፣ ወይም መቻቻሉ ይበዛል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ስለዚህ ከግቢ የተገኘው ውጤት ለትልቅ እርባታ እንዳለ አይገለበጥም።

ደም መልመድ የተባለውስ? ተራ ለማስከበር ራስ ላይ መንቆርና ላባ መንቀል ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ናቸው። ሁለተኛው ጥሬ ፍለጋ ከመጫርና ከመልቀም ጋር ይያያዛል የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አለው፤ ከአፈር መታጠብ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ቀይ ነገር ዓይናቸውን ይስባል፤ የተከፈተ ቁስል ይነቆራል፣ አንዷ ስትጀምር ሌሎቹም ይከተላሉ። ወሬው እውነት የሚሆነው እስከዚህ ድረስ ነው። ቁስሉ ሲደርቅ የሚስባቸው ነገር ይጠፋል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ መንቁር የማያሳልፍ የሽቦ አጥር ተሠርቶላት፣ ወይም ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ቅርጫት ተደፍቶባት፣ መንጋው በሚውልበት ግቢ ትቀመጣለች። እያዩአት ይውላሉ፣ እያየቻቸው ትበላለች። ከዚያ ገራም የሆነች አንዲት ቄብ አጥሩ ውስጥ ትገባላታለች። በመጨረሻ መኖውና ውኃው ሁለት ሁለት ቦታ ተደርጎ ሰፊ ሜዳ ላይ ትለቀቃለች። ሲመሽ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ብልሃት ነው፤ በጨለማ ዶሮ አጥርታ ስለማታይ ሌሊቱ በሰላም ያልፋል። ተራው ግን ሲነጋ መታየቱ አይቀርም፤ ያን ጠዋት ሰው አጠገባቸው መገኘት አለበት። ራስ ላይ አንድ ሁለት መንቆርና ማሳደድ የሚጠበቅ ነው፤ ደም ከታየ ወይም ከመኖው ፈጽመው ከከለከሏት ለጥቂት ቀናት ወደ አጥሯ ትመለሳለች።

ከተቀላቀለች በኋላም ጀርባዋን ማየት አይቋረጥም። የተነቀለው ላባ በሳምንታት ውስጥ ሲበቅል ዘንጉ ደም የሞላበት ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ከተነቆረ ይደማል፣ የዳነው ቦታም እንደ አዲስ ቀይ ሆኖ ይታያል።