የዱር አራዊት ጠባቂ ሹም ስለሚሰጠው ዋስ

በአሜሪካ አገር የዱር አራዊትና የአሣ ጥበቃ ከሁሉ በፊት የየግዛቱ መንግሥት ሥራ ነው። የሚጠብቀውም ሹም መሣሪያ የታጠቀና ሰው ለመያዝ ሥልጣን የተሰጠው ነው። አዳኙ የአደን ፈቃድ ወረቀት መያዙን ይመረምራል፤ ያልተፈቀደውን የገደለ ወይም ከተወሰነው ቍጥር ያሳለፈ ሰው ባገኘ ጊዜ ሥጋውንና ጠመንጃውን፥ አንዳንድ ጊዜም ጀልባውንና መኪናውን ሳይቀር ይይዛል፤ ጥፋተኛውንም ለዳኛ ያቀርባል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1924 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፥ ከቤትና ከግቢ ውጭ ያለው ሜዳና ጫካ በሕገ መንግሥቱ እንደ ቤት ተቈጥሮ ስለማይጠበቅ የመንግሥት ሹም ያለ ዳኛ ትእዛዝ ሊገባበት ይችላል ተብሏል፤ አንዳንድ ግዛቶች ግን በራሳቸው ሕግ ከዚህ ይልቅ ያጠብቃሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን፥ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ይህን ሹመት ከሌላው ሹመት የሚለየው ምስክር በሌለበት ስፍራ የሚሠራ መሆኑ ነው። የገበያ ዘበኛ ሰው ቢበድል ገበያተኛው ሁሉ ያያል። በጫካና በሐይቅ ዳር ግን ጠባቂውና አዳኙ ብቻቸውን ይገናኛሉ፤ ሁለቱም መሣሪያ ይዘዋል። በ1905 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በፍሎሪዳ ግዛት ጋይ ብራድሊ የሚባል ጠባቂ፥ ላባቸው ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ የሚፈለጉትን ነጫጭ የውሃ ወፎች የሚገድሉትን ሰዎች ለመያዝ በጀልባ ብቻውን ሄዶ በጥይት ተገደለ፤ የገደለውም ሰው ራሴን ስከላከል ነው ብሎ ሳይፈረድበት ቀረ። ሟቹ መናገር አልቻለምና። በዳዩ ጠባቂው ራሱ የሆነ እንደ ሆነስ፥ ድኻው ገበሬ ወይም አሣ አጥማጅ ማንን ይይዛል? የጠባቂው ደመወዝ እንደ ሆነ ለቤተ ሰቡ እንኳ የሚተርፍ አይደለም። የዋስ ነገር የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

በዌስት ቨርጂንያ ግዛት ሕግ የተጻፈውን ብንመለከት፥ የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ የሚባለው ጠባቂ ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ ሁለት ነገር መፈጸም አለበት። አንደኛው በሕገ መንግሥቱ የታዘዘውን የሹመት መሐላ መማል ነው፤ ሁለተኛው ሥራውን በታማኝነት ለመፈጸም ለግዛቱ መንግሥት የሚከፈል የ3,500 ዶላር የዋስትና ወረቀት መስጠት ነው። መሐላው ኅሊናውን ያስራል፤ ወረቀቱ ገንዘቡን ያስራል። ሕጉ አንዱን በሌላው አለመተካቱ፥ መሐላ ብቻውን ሆድ እንደማይሞላና ዕዳ እንደማይከፍል ስላወቀ ነው።

በዋስትናው ወረቀት ሦስት ወገን አለ፤ እርሱም የተሾመው ጠባቂ፥ ዋስትናውን የሚቀበለው መንግሥት፥ በመካከላቸውም የሚቆመው ዋሱ ነው። ዋሱ በዛሬው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሳይሆን በዋስትና የሚነግድ ኩባንያ ነው። ቀድሞ ግን በአሜሪካም ሹሙ ሁለት ሦስት ባለርስቶችን ለምኖ ያቀርብ ነበር። ይህም ብዙ ችግር ነበረበት፤ ዋሶቹ ይሞታሉ፥ ይደኸያሉ፥ ወይም ዕዳው በመጣ ጊዜ ሀብታቸውን በልጆቻቸው ስም ያዛውራሉ፤ የከፈለም ወዳጅ በወዳጁ ምክንያት ይጠፋል። ስለዚህ በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ላይ ለዚሁ ሥራ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ በ1894 ዓ.ም. የአገሪቱ ምክር ቤት ባወጣው ሕግም ለማዕከላዊው መንግሥት በሚሰጠው ዋስትና ኩባንያ በሰው ፈንታ ዋስ ሆኖ እንዲቈጠር ተፈቀደ። ኩባንያው በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ እየተቀበለ ይዋሳል። ይህንንም ገንዘብ በአንዳንዱ ስፍራ ጠባቂው ራሱ፥ በብዙው ስፍራ ግን መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ዋስትናን ከኢንሹራንስ ጋር አንድ ያደርገዋል። ኢንሹራንስ የገባ ሰው ቤቱ ቢቃጠል ኩባንያው ይከፍለዋል፥ ገንዘቡንም መልስ አይለውም። ዋስ የሆነ ኩባንያ ግን ለተበደለው ሰው ከከፈለ በኋላ ፊቱን ወደ ጠባቂው ይመልሳል፥ የከፈለውንም ገንዘብ ከነወጪው ከእርሱ ይጠይቃል። እንግዲህ ወረቀቱ ለጠባቂው መጠጊያ አይደለም፤ ጠባቂው የሚበድለው ሰው መጠጊያ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ወይም ዕቃ ቤት ጠባቂ ሲቀጠር ተያዥ አምጣ የሚባለው ከዚህ ጋር በሥሩ አንድ ነው። ልዩነቱ፥ ተያዥ የሚሆነው ሰው ዋጋ ሳይቀበል ስለ ዝምድና ወይም ስለ ይሉኝታ መፈረሙ ነው። በ1952 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1922 ላይ፥ ዋስትና በግልጽ መነገር እንዳለበትና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተወሰነ የማይጸና እንደ ሆነ ይደነግጋል። በዌስት ቨርጂንያ 3,500 ተብሎ መጻፉም የዚሁ ዐይነት ወሰን ነው። ተያዥ እንዲሆን የተጠየቀ ሽማግሌ ከመፈረሙ በፊት ይህን ቍጥር በወረቀቱ ላይ መፈለግ ይገባዋል፤ ቍጥር የሌለበትን ወረቀት ማስተካከል ከመፈረም በፊት ቀላል ነው፥ ከፈረሙ በኋላ ግን ክርክር ነው።

የዋስትና ወረቀቶች ሁሉ አንድ ዐይነት አይደሉም። አንዳንዱ የሚዋሰው ለእምነት ብቻ ነው፤ ይኸውም ጠባቂው የፈቃድ ገንዘብ ሰብስቦ ቢበላ፥ ወይም የያዘውን የአጋዘን ሥጋና ጠመንጃ ሸጦ ዋጋውን ቢሰርቅ ነው። ሌላው ግን ሥራን በታማኝነት ስለ መፈጸም የሚዋስ ሲሆን ከዚህ ይሰፋል። ለምሳሌ ጠባቂው የያዘውን ጀልባ ሳይጠብቅ በወንዝ ዳር ትቶት ጎርፍ ቢወስደውና ባለ ጀልባው በኋላ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፥ ጠባቂው ሌባ አይደለም፤ ነገር ግን ሥራውን አልፈጸመም። የመጀመሪያው ዐይነት ወረቀት ለዚህ አይከፍልም፤ ሁለተኛው ግን ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ የወረቀቱን ቃል አንድ በአንድ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ዳኞችን ያከራከረው ግን ሌላ ነገር ነው። ጠባቂው በዕረፍቱ ቀን ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ ቢደበድበው ዋሱ እንዳይጠየቅ ሁሉም ይስማማል፤ ያ የግል ጠብ ነውና። ነገር ግን ምልክቱን አሳይቶ፥ በሕግ ስም እያለ፥ ፈቃድ ያለውን አዳኝ ጠመንጃ ያለ አንዳች ምክንያት ቢነጥቀው ወይም ቢያቈስለውስ? ዋሶች በፍርድ ቤት ሲከራከሩ፥ «ሕጉ እንዲህ ያለ ሥልጣን አልሰጠውም፤ ያልተሰጠውን ሲያደርግ ሹም አልነበረም፤ እኛ የተዋስነው ለሹሙ ሥራ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ይህን ክርክር የተቀበሉ ፍርድ ቤቶች ነበሩ። ሌሎቹ ግን አልተቀበሉትም፤ በደል ሁልጊዜ ከሥልጣን ውጭ ነውና፥ እንደ ዋሶቹ አነጋገር ከሆነ ዋስ የሚጠየቀው ሹሙ ደግ በሠራ ጊዜ ብቻ ሊሆን ነው፥ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው የለም። የእነዚህ አሳብ የበለጠ እውነት ያለው ይመስላል። አዳኙ ጠመንጃውን የሰጠው ለዚያ ሰው ጕልበት ሳይሆን በደረቱ ላይ ላለው የመንግሥት ምልክት ነውና።

3,500 ዶላር በዛሬው ዘመን ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ አንድ የተያዘ ጀልባ እንኳ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ዋሱም ከተጻፈው ልክ አልፎ አይከፍልም። ስለዚህ የወረቀቱ ኀይል ቀድሞ እንደ ነበረው አይደለም። በ1961 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1871 ዓ.ም. የወጣውን ሕግ ሲተረጕም፥ የግዛት ሹም በሥልጣኑ ስም የሕገ መንግሥት መብቱን የነካበት ሰው፥ ድርጊቱ በግዛቱ ሕግ የተከለከለ ቢሆንም እንኳ፥ በማዕከላዊው ፍርድ ቤት ሊከሰው እንደሚችል ወስኗል፤ ያም መንገድ የገንዘብ ወሰን አልተጻፈበትም። ብዙ መሥሪያ ቤቶችም ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀት መጻፍ ትተው ሠራተኞቻቸውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ያስጠቅሳሉ።

ማዕከላዊው መንግሥት ከዚህም አልፎ ሄዷል። በ1972 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሥሪያ ቤቶቹ ከሠራተኞቻቸው ዋስ እንዳይጠይቁ ተከለከሉ፤ ጉዳት ቢመጣ መንግሥቱ ራሱ እንዲሸከመው ነው። ከዚህም የተነሣ በአንድ ጫካ ውስጥ ሁለት ጠባቂዎች ጎን ለጎን ሊሠሩ ይችላሉ። በ1900 ዓ.ም. የወጣውን፥ በሕገ ወጥ የታደነ እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይነገድ የሚከለክለውን ሕግ የሚያስከብረው የማዕከላዊው መንግሥት ሹም ዋስ የለውም፤ የዌስት ቨርጂንያው ጠባቂ ግን ዋሱን ሳያቀርብ ሥራውን ሊጀምር አይገባም።

ጠባቂው ከሹመቱ በወረደ ጊዜ ወረቀቱ ወዲያው አይቀደድም። ኩባንያው ከዚያ ቀን በኋላ ለሚሆነው ነገር አይጠየቅም፤ በሹመቱ ዘመን ለተደረገው በደል ግን ሕጉ ለክስ የወሰነው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ተጠያቂ ሆኖ ይቈያል። ስለዚህ የተበደለ ሰው ጠባቂው ወደ ሌላ ግዛት ሄዷል ቢባል እንኳ፥ በተሾመበት ዘመን ዋሱ ማን እንደ ነበረ ከመሥሪያ ቤቱ ሊጠይቅ ይችላል።