ኤሮስ ስለሚባለው ታናሽ ፈለክና የፀሐይን ርቀት ስለ መለካቱ

በፀሐይ ዙሪያ ከሚዞሩት ከስምንቱ ዐበይት ፈለኮች በቀር፣ በማርስና በጁፒተር መካከል እጅግ ብዙ ታናናሽ ፈለኮች ይገኛሉ። መጀመሪያ የታየችውን ሴሬስን ፒያዚ የሚባል የኢጣልያ ካህን በ1801 ዓ.ም. በፓሌርሞ ከተማ አገኛት። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ጉስታፍ ዊት የሚባል የጀርመን ሊቅ በበርሊን ከተማ፣ ኡራንያ በሚባለው የከዋክብት መመልከቻ ቤት፣ ሌላ ታናሽ ፈለክ ሲፈልግ ሰማዩን ሁለት ሰዓት ያህል በፎቶግራፍ አነሣ። መሣሪያው የሰማዩን ዙረት እየተከተለ ስለሚዞር ቋሚዎቹ ከዋክብት በፎቶግራፉ ላይ ነጥብ ሆነው ይቀራሉ፤ ፈለክ ግን በመካከላቸው ስለሚሄድ ጭረት ይተዋል። ዊትም ያልጠበቀውን ረዘም ያለ ጭረት አየ። በዚያችው ሌሊት ኦጉስት ሻርሏ የሚባል ፈረንሳዊ በኒስ ከተማ ይህንኑ ፈለክ በፎቶግራፍ አንሥቶት ነበር፤ ነገር ግን ዊት አስቀድሞ ስላስታወቀ መገኘቱ በእርሱ ስም ተጻፈ።

እስከዚያ ዘመን ታናናሾቹ ፈለኮች በሴት ስም ይጠሩ ነበር። የዚህ መንገድ ግን ከልማዱ የተለየ ስለ ሆነ የወንድ ስም ወጣለት፤ ኤሮስም ተባለ። ኤሮስ በጥንት ግሪኮች ተረት የፍቅር አምላክ ነው። ቍጥሩም 433 ነው።

ኤሮስ ፀሐይን በ643 ቀን አንድ ጊዜ ይዞራል። መንገዱ እንደ እንቍላል ሞላላ ነው፤ ለፀሐይ ሲቀርብ ወደ 170 ሚሊዮን ኪሎሜትር፣ ሲርቅ ወደ 267 ሚሊዮን ኪሎሜትር ይሆናል። የማርስ አማካይ ርቀት 228 ሚሊዮን ኪሎሜትር ነውና ኤሮስ አንድ ጊዜ ከማርስ ውጭ፣ አንድ ጊዜ ከማርስ ውስጥ ይመላለሳል። የምድርን መንገድ ግን አይሻገርም፤ እጅግ ሲቀርበንም ከ20 ሚሊዮን ኪሎሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ለዛሬ የሚያስፈራ ነገር የለበትም።

ይህ መቅረቡ ለሊቃውንት ታላቅ ጥቅም ሆነ። ኬፕለር በ1619 ዓ.ም. ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ ፈለኮች የሚዞሩበት ዘመን ከታወቀ የርቀታቸው ምጥን ይታወቃል፤ ምጥኑ ግን በኪሎሜትር ስንት እንደ ሆነ አይናገርም። ከርቀቶቹ አንዱ ብቻ በእውነት ቢለካ የቀሩት ሁሉ ይገኛሉ። ፀሐይ ሩቅ፣ ብርሃንዋም ብርቱ ስለ ሆነ እርስዋን ራስዋን መለካት አስቸጋሪ ነበር፤ ኤሮስ ግን ቅርብና እንደ ነጥብ ትንሽ ነው።

የመለኪያው ዘዴ ለተማሪዎች በቀላል ይታያል። ጣትን ከፊት አቁሞ አንዱን ዐይን ከዚያም ሁለተኛውን ቢጨፍኑ፣ ጣቱ ከበስተ ኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታውን የለወጠ ይመስላል። ጣቱ ሲቀርብ ለውጡ ይበዛል፤ ሲርቅ ያንሳል። እንደዚሁም በምድር ላይ ተራርቀው የሚኖሩ ሰዎች ኤሮስን ሲመለከቱ ከከዋክብቱ መካከል በጥቂት የተለያየ ቦታ ያዩታል፤ ከልዩነቱም ርቀቱ ይሰላል።

ኤሮስ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 26 ሚሊዮን ኪሎሜትር በቀረበ ጊዜ የብዙ አገር ሊቃውንት ተባብረው ለኩት። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ስፔንሰር ጆንስ የሁሉን ልክ ሰብስቦ ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ፣ በ1941 ዓ.ም. የፀሐይን ርቀት 149 ሚሊዮን 670 ሺህ ኪሎሜትር ያህል ብሎ አስታወቀ። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ቬኑስ በተላከና ተመልሶ በመጣ የራዲዮ ሞገድ ሲለካ፣ እውነተኛው ልክ 149 ሚሊዮን 598 ሺህ ኪሎሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ ከሺህ አንድ እንኳ አልሞላም።

በ2000 ዓ.ም. ኒር የሚባል የአሜሪካ መንኰራኵር ኤሮስን መዞር ጀመረ፤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. በላዩ ዐረፈ። በታናሽ ፈለክ ላይ ሲታረፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ኤሮስም ርዝመቱ 34 ኪሎሜትር ያህል የሆነ፣ ጐድጓዳ የበዛበት፣ ሞላላ ድንጋይ ሆኖ ታየ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ በአንድ ጭረት የተጀመረው ነገር የፀሐይን ርቀት እስከ መለካት እንደ ደረሰ ለልጆቹ አስረዱአቸው። ትንሹን ነገር የማይንቅ፣ ያየውንም በትክክል የሚጽፍ ተማሪ ወደ ታላቁ እውቀት ይደርሳል።