ደብቋት እንጂ አትድፈኗት

ደሴ ውስጥ አሮጌ ቤት የገዛ ወይም የወረሰ ሰው እድሳት ሲጀምር ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዷ በመዳፍ የምትሸፈን፣ ነጭነቷ ወደ ቢጫ የሄደ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ሁልጊዜም የምትገኘው በማትፈለግበት ቦታ ነው። ቴሌቪዥኑ ሊሰቀል የታሰበበት ግድግዳ መሐል ትሆናለች፣ ወይም ከመስኮቱ ጎን በደረት ከፍታ፣ አለዚያም ሳሎኑ በቺፑድ ለሁለት ተከፍሎ ለተከራየው ሰው አልጋ ራስጌ ላይ። ከእሷ የሚነሳው ሽቦ በኮርኒሱ ጠርዝ በክሊፕ ተቸንክሮ ይሄድና በመስኮቱ ፍሬም ጥግ በተበሳች ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከዚያ በጣሪያው ክፈፍ ሥር አድርጎ እስከ መንገዱ ምሰሶ። ቀለም ቀቢው ዙሪያዋን ቀብቶ ያልፋታል፤ ሰነፉ ደግሞ እሷንም ከነሽቦዋ ቀብቷት ይሄዳል።

ይህች ሳጥን የመስመር ስልክ ሶኬት ናት። ኮምቦልቻ ቢወርዱም ያችው ናት። ሁለቱ ከተሞች በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው፤ በአየር ጠባይ ግን አይገናኙም። ደሴ ከጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ጉምና ብርድ ለብሳ ትቀመጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ በቦርከና ዳር ትሞቃለች። ልዩነቱ ለሳጥኗም ይተርፋታል፤ ኋላ እንመለስበታለን። የሁለቱም የመስመር ስልክ በ033 ይጀምርና ቀጥሎ 111 ወይም 112 ሲሆን ደሴ፣ 551 ሲሆን ኮምቦልቻ ነው። ቁጥሮቹ ይህን መልክ የያዙት በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ለውጥ ነው።

ለምን እዚያ ቦታ ላይ ተሰቀለች? ሠራተኛው መሰላሉን ይዞ ሲመጣ ከምሰሶው እስከ ቤቱ አጭሩን መንገድ ይፈልጋል፤ ሽቦው ባጠረ ቁጥር ድምፁም ይጠራል፣ ድካሙም ይቀላል። በደሴ የቆዩ ሰፈሮች ብዙው ቤት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው። የጭቃ ግድግዳ ሽቦ ለመቅበር ቢቦረቦር ልስኑ በሰሌዳ እየተነሳ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሽቦው ከላይ ይለጠፋል፣ ሳጥኗም ውስጥ ያለውን ማገር ወይም ቋሚ እንጨት ፈልጎ ባገኘው ችንካር ትያዛለች። ቦታዋን የመረጠው ውበት ሳይሆን እንጨቱ ነው። በብሎኬት ቤትና በኮንዶሚኒየም ሽቦው በግድግዳው ውስጥ በቱቦ ስለሚያልፍ ሶኬቷ ከዞኮሎው ትንሽ ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ እሷ ደግሞ ሶፋ ጀርባ ትውላለች።

ሌላው ምክንያት ክብር ነው። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ቀዳሚው ረጅም መስመርም ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ነበር። ተራው ሰው ሳሎን እስኪገባ ግን ዕድሜ ፈጀ። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ኋላ ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ ኮርፖሬሽን ሆነ፤ ከኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ሕዝቡ ሁሉንም ቴሌ ብሎ ይጠራቸዋል። በእነዚያ ዘመናት የቤት ስልክ ለማስገባት ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነበር። እንዲህ ተጠብቆ የመጣ ነገር ጓዳ አይገባም። እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ከአባወራው ወንበር አጠገብ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ጎረቤቱ ሁሉ ቁጥሩን ለዘመዱ ሰጥቷል፤ ስልኩ ሲጮህ አንድ ልጅ እየሮጠ «እትዬ፣ ከአዲስ አበባ ተደውሎልዎታል!» ይላል።

ሒሳቡን የሚከፍለው አባወራ ግን ሁሉንም አያምንም። ለዚህም ቁልፍ ነበረ። አንዳንዱ ስልኩን በእንጨት ሳጥን ይቆልፍበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚዞረው የቁጥር ክብ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ጓጉንቸር ይሰካል። በዚያ ስልክ ቁጥር መደወል ማለት መስመሩን በቁጥሩ ልክ ቶሎ ቶሎ ማቋረጥ ብቻ ነው፤ ለ3 ሦስት ጊዜ፣ ለዜሮ አሥር ጊዜ። ይህን የደረሱበት ልጆች ቁልፉን ትተው እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ በጣታቸው እየመቱ ይደውሉ ነበር። ሒሳቡ ሲመጣ ስለሚሆነው ነገር መናገር አያስፈልግም።

አሁን ሳጥኗን እንክፈታት። አንድ ብሎን ነው ያላት፤ ካቻቢቴ ይበቃል። ውስጧ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች በሁለት ብሎን ተይዘው ይታያሉ። የድሮዎቹ ላይ የስልኩ ገመድ በቀጥታ እዚያው ይታሰር ነበር፤ የኋለኞቹ የአር ጄ 11 መሰኪያ፣ ማለትም ጠቅ ብሎ የሚገባው ትንሹ አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ አላቸው። መሰኪያው አራት የብረት ጥርስ ቢኖረውም ሥራውን የሚሠሩት መሐለኞቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በእነሱ ላይ ከቴሌ ማዕከል ባትሪ 48 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይመጣል። መብራት ጠፍቶ ከተማው ሲጨልም ተራው የሽቦ ስልክ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ምግቡ ከመብራት ኃይል አይመጣም። ሲደወል ደግሞ ለመጥሪያው ሲባል እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይላካል። ሰው አይገድልም ይባላል፤ መሰላል ላይ ቆሞ በእርጥብ እጁ ሽቦውን የያዘ ቀለም ቀቢ ግን ከድንጋጤው ብዛት ሊወድቅ ይችላል።

እጀታው ሲነሳ ሁለቱ ሽቦዎች በስልኩ በኩል ይገናኛሉ፤ ማዕከሉም ይህን አይቶ መስመሩን ይከፍታል። እንግዲህ ስቱኮ ወይም ቀለም ገብቶ፣ ወይም ችንካር ወግቷቸው ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ ማዕከሉ እጀታው እንደተነሳ ይቆጥራል። ደዋዩ መስመሩ እንደተያዘ ይነገረዋል፤ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ጭራሽ ምንም አይሰማም። ከእድሳት በኋላ «ስልካችን ሞተ» የሚባለው ብዙው ነገር ይኸው ነው። ባለሙያው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሳጥኗን ነው፤ ሳጥኗ ደግሞ በጂፕሰም ሥር ተቀብራለች።

አየሩ እዚህ ላይ ይገባል። የደሴ ክረምት ግድግዳን ያረጥባል፤ በተለይ ቤቱ በተዳፋት ላይ ተቆፍሮ ጀርባውን ለአፈሩ ሲሰጥ። መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣና በንግግር መሐል ሽርር የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይብሳል። ኮምቦልቻ ላይ የሚያስቸግረው አቧራ ነው፤ መሰኪያው ውስጥ ተከማችቶ ጥርሶቹ በደንብ እንዳይነካኩ ያደርጋል። ለደሴው ሳጥኗን ከእርጥቡ ግድግዳ በቀጭን እንጨት ማራቅ፣ ለኮምቦልቻው መሰኪያውን ወደ ታች ማዞር ግማሽ መፍትሔ ነው።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጀምሮ አገሩን ሲያዳርስ የሳጥኗ ዘመን ያበቃ መስሎ ነበር። ያቆያት ኢንተርኔት ነው። ኤዲኤስኤል በሚባለው የስልክ ሽቦ ኢንተርኔት በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ ድምፅና መረጃ አብረው ይጓዛሉ፤ ድምፁ ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች፣ መረጃው ከ25 ኪሎ ኸርዝ በላይ። ስፕሊተር የምትባለዋ ትንሽ ዕቃ ሁለቱን ትለያለች። ሳሎን ያለው ስልክ ያለ እሷ ከተሰካ ጆሮ ውስጥ ፉጨት ይገባል፣ ሲደወልም ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ ይችላል። መረጃው ከድምፁ ይልቅ ቁጡ ነው፤ ርቀት አይወድም፣ መጥፎ መገጣጠሚያ አይወድም፣ መጨረሻው ላይ ምንም ያልተሰካበት ትርፍ ቅርንጫፍ ሽቦም አይወድም። ለመኝታ ቤት ተብሎ ተስቦ የተረሳ ሽቦ ካለ መንቀል ነው።

እንግዲህ እንዴት ትደበቅ? በመጋረጃ መሸፈን ቀላሉ ነው፤ መስኮቱ ቅርብ ከሆነ መጋረጃውን በአንድ ክንድ ማስረዘም ይበቃል። ቡፌ ወይም የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሲገፋባት ግን መሰኪያው ይሰበራል፤ ገመዱ ወደ ፊት ስለሚወጣ ቢያንስ አራት ጣት ያህል ክፍተት ይፈልጋል። ለእኔ የተሻለው የአናጺ ሥራ ነው፤ በቡፌው ጀርባ በሳጥኗ ልክ ቀዳዳ አስከፍቶ ሳጥኗን ከመሳቢያው በላይ ባለው ክፍል ውስጥ ማስገባት። ግድግዳው ባዶ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ፍሬም በአንድ ጎኑ በማጠፊያ ተይዞ እንደ መስኮት ይከፈትና ከኋላው ትቀመጣለች። ጂፕሰም የሚያሠራ ሰው ባለሙያውን «እዚህ ጋ የምትከፈት መዝጊያ ተውልኝ» ይበለው፤ ቀድሞ ከተነገረው ምንም አይከብደውም። ሞደሙን ግን አብራችሁ እንዳትቆልፉት። ዋይፋይ ብረት ሣጥን ውስጥ ይታፈናል፣ ሞደሙም ይግላል። ሳጥኗ ትደበቅ፣ ሞደሙ ይታይ።

ሳጥኗን ማዛወር የፈለገ ሰው ሌላ ጉዳይ ይጠብቀዋል፤ ሽቦውን መቀጠል። ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል የሁላችንም ልማድ ነው፤ ለደሴ ክረምት ግን አይበቃም። ባለሙያዎች በውስጧ እርጥበት የሚከላከል ቅባት ያላት፣ በፒንሳ ተጨፍልቃ የምትዘጋ ትንሽ የፕላስቲክ መጋጠሚያ ይጠቀማሉ፤ እሷን ጠይቁ። ተጨማሪው ሽቦ በዞኮሎው ጠርዝ በፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ቢሄድና ቦዩ የግድግዳውን ቀለም ቢቀባ ዓይን አይስበውም። ከመብራት ሽቦ ጋር ግን በአንድ ቦይ አይሂድ፤ ለጥራቱም ለደኅንነቱም።

አዲሱ ፋይበር ሲገባ ሁኔታው ይለወጣል። በእሱ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ ሽቦ መነካካት የለም። ሆኖም ገመዱ በማዕዘን ላይ እንደ ወረቀት ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጣል፣ መስታወቱም ይሰበራል። ትርፉ ገመድ ሰፋ ባለ ክብ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ የተነቀለውን ጫፉን ደግሞ ወደ ዓይን አቅርቦ ማየት አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ግን የፋይበሩ ሣጥንም ይጠፋል። እዚህ ላይ ቢጫዋ አሮጌ ሳጥን ትበልጣለች።

ቤታችሁን ልታድሱ ከሆነ ቀቢው ከመምጣቱ በፊት አንድ ርካሽ የሽቦ ስልክ ተውሳችሁ ሰክታችሁ እዩ። ድምፅ ካለ መስመሩ ሕያው ነው፤ ሳጥኗን በወረቀትና በማጣበቂያ ሸፍኑና ቀቢው ዙሪያዋን ይሥራ። ድምፅ ከሌለ ቁጥሩ በማን ስም እንዳለና ተዘግቶ እንደሆነ በ994 ደውላችሁ ወይም ቅርባችሁ ባለው የቴሌ ማዕከል ጠይቁ። መስመሩ ተዘግቶ ከሆነም ሽቦውን ከምሰሶው ራሳችሁ አትቁረጡት፤ በዚያ ምሰሶ ላይ የጎረቤትም መስመር አለ።