የሰርዶ ነገር፤ ስለ ጨዋታ ሜዳ ሣርና ስለ አያያዙ

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አህያ ይባላል። ተረቱ የሚነገረው ለራስ ወዳድ ሰው ነው። እኔ ግን ዛሬ አህያዋን ትቼ ሰርዶውን ይዤ ለመሄድ እፈልጋለሁ፤ ስለ አህያዋ ብዙ ተብሏል፥ ስለ ሰርዶው ግን የተናገረለት ሰው እምብዛም የለም።

ገበሬ ሰርዶን የሚያውቀው በጠላትነት ነው። በጤፍ ማሳ አንድ ጊዜ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ማረሻ ሲቆራርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ አንጓ ካለው ሥር ሰድዶ ሌላ ሰርዶ ይሆናል፤ ስለዚህ በእርጥብ መሬት ላይ ያረሱት እንደ ሆነ ሰርዶውን ዘሩት ማለት ነው። ዘዴ ያለው ገበሬ በበጋ አርሶ ሥሩን እየገለበጠ ለፀሐይ ይሰጠዋል፤ የተረፈውን በእጁ ለቅሞ ያቃጥለዋል። ይህንኑ ሣር ለማጥፋት ሳይሆን ለማኖር፥ ደመወዝ እየተከፈላቸው ዓመቱን ሙሉ የሚደክሙ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ ብንለው የሚያምነን አይመስለኝም። እነዚህም የጎልፍ ሜዳ ጠባቂዎች ናቸው።

«ጎልፍና ትክል ድንጋይ ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከጎንደር ተነሥቶ በሳንጃ በኩል ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የላይ አርማጭሆ ከተማ የጎልፍ ሜዳ የላትም፤ እንዲኖራትም አልመኝም። ጎልፍ ሰፊ መሬት፥ ብዙ ውሃና ብዙ ገንዘብ የሚበላ የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ነው። አዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ አንድ አለ፤ እሱ ይበቃል። ነገር ግን የኳስ ሜዳ የሌለው ከተማ የለም። የትክል ድንጋይ ልጅም፥ የጎንደር ልጅም፥ የዳባትና የደባርቅ ልጅም በየሰፈሩ ኳስ ይጫወታል፤ የሚጫወትበትም ሜዳ ታሪኩ አንድ ነው፤ በነሐሴ ጭቃ፥ በጥር አቧራ። ጉልበቱ ያልተላጠ የአገራችን ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ምክንያቱን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ «ገንዘብ የለም» ወይም «መሬቱ ሣር አያበቅልም» የሚል ነው። ይህን መልስ እኔ በበኩሌ አልቀበልም። ሣሩ ከእግራችን ሥር አለ፤ የጎደለው አያያዙ ነው። አያያዙን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጠንቅቀው የሚያውቁት እነዚያው የጎልፍ ሰዎች ስለ ሆኑ፥ ጨዋታቸውን ትተን እውቀታቸውን ብንወስድ የሚከለክለን የለም።

በመጀመሪያ ስለ ሣሩ ራሱ። አሜሪካኖች ሰርዶን «የቤርሙዳ ሣር» ይሉታል፤ ነገር ግን ቤርሙዳ ከምትባለው ደሴት ጋር ዝምድናው የስም ብቻ ነው። አፍሪቃ ከጥንት ጀምሮ የሰርዶ አገር ናት። በጆርጂያ ስቴት ቲፍተን በምትባል ከተማ ባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ግሌን በርተን የተባለው ሊቅ፥ ተራውን ሰርዶ ከደቡብ አፍሪቃ ከመጣው ቅጠለ ቀጭን ሰርዶ ጋር አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1956 «ቲፍግሪን» የተባለውን ዝርያ አወጣ። ይህ ዝርያና እሱን የመሰሉት በሞቃት አገር ያሉትን የጎልፍ ሜዳዎችና ስታዲየሞች አለበሱ። የሚያስገርመው ቲፍግሪን እንደ በቅሎ መሆኑ ነው። በቅሎ የፈረስና የአህያ ልጅ ሆና እንደማትወልድ፥ ቲፍግሪንም ከሁለት ዐይነት ሰርዶ ስለ ተወለደ የሚበቅል ዘር አይሰጥም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚተክሉት ገበሬያችን ሳይወድ በግድ እንደሚተክለው ነው፤ አንጓውን እየቆራረጡ። ማረሻ በማሳ ውስጥ የሚሠራውን ጥፋት እነሱ ሙያ አድርገውታል።

ሣር ሲያጭዱት የማይሞተው ለምንድን ነው? የዛፍ እድገት ከጫፉ ነው፤ ጫፉን ቢቀነጥቡት ያ ቅርንጫፍ እዚያው ይቆማል። የሣር ቅጠል ግን እንደ ጢም ከሥሩ ይገፋል። የእድገቱ ምሥጢር ያለው መሬት አጠገብ፥ ከብት በማይደርስበት ከማጭድም በሚያመልጥበት ቦታ ነው። ሰርዶ ከዚህ በላይ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ግንዱ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል፥ ሌላው ግንዱ ከአፈር በታች ይሄዳል። ስለዚህ ሲያጭዱት ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ጎን ይበዛል። አዘውትሮ የታጨደ ሰርዶ ምንጣፍ ይሆናል፤ ያልታጨደው ደግሞ ቁመቱ ረዝሞ ሥሩ ይሳሳል። ይሁን እንጂ አጨዳው ልክ አለው። ሕጉም በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሢሶ በላይ አለመቁረጥ ነው፤ ቅጠሉ ምግቡን የሚሠራበት ወጥ ቤቱ ስለ ሆነ፥ ወጥ ቤቱን ሁሉ ያፈረሱበት እንደ ሆነ ሥሩ ይራባል። በጎልፍ ኳሷ ወደ ጉድጓዷ በምትንከባለልበት ቦታ ሣሩን ግማሽ ሳንቲም ሜትር እስኪያህል ያሳጥሩታል፤ ለዚያ ግን በየቀኑ ስለት የሚያይ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ለኳስ ሜዳ ከ3 እስከ 4 ሳንቲም ሜትር ቢሆን መልካም ነው።

የጎልፍ እናት በምትባለው በስኮትላንድ፥ ሴንት አንድሩስ በተባለችው ከተማ፥ በመጀመሪያ ሣሩን ያጭዱ የነበሩት በጎችና ጥንቸሎች ነበሩ። የሣር ማጨጃ መኪና የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው፤ የፈለሰፈውም ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን፥ ሐሳቡን ያገኘው በሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቁን ጠጉር ከሚላጨው መኪና ነው ይባላል። በ1860ዎቹ የሴንት አንድሩስን ሜዳ የተረከበው ቶም ሞሪስ ደግሞ ስሙ የሚጠራው በአሸዋ ነው። ሜዳው ላይ አሸዋ ይበትን ነበር፥ ደጋግሞም ይበትን ነበር። ይህ ዛሬም የሙያው ዐምድ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ስለ እግር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

የሜዳ ዋነኛ ጠላት ድርቅ አይደለም፥ በግም አይደለም፤ እግር ነው። መልካም አፈር ግማሹ ያህል ባዶ ነው፤ በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃና አየር ይመላለሳሉ፥ ሥርም የሚተነፍሰው በዚያ ነው። አፈሩ እርጥብ ሳለ ሲረግጡት ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። የረጋ ውሃ ሥሩን ያፍነዋል፤ በጋ ሲመጣ ያው መሬት እንደ ሸክላ ይጠነክራል። የእኛ አገር ዋልካ አፈር በዚህ ከሁሉ ይከፋል፤ ክረምት ይያያዛል፥ በጋ ይሰነጠቃል። እንግዲህ ሜዳችንን የምንገድለው በጥር አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲያባራ እየሮጥን ስንገባበት ነው። በጥር የምናየው ሬሳውን ነው።

በአዲስ አበባ ጃንሜዳን ያስታውሷል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ለወራት ከቆየ በኋላ፥ ለ2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሜዳውን ለማጽዳት ብዙ ሕዝብ ደክሞበታል። ቆሻሻው በዘመቻ ሊነሣ ይችላል፤ በመኪና ጎማና በእግር የተደቀደቀ አፈር ግን በአንድ ቀን ዘመቻ አይለሰልስም። የሚለሰልሰው በሹል ብረት ጣት ያኽል እየወጉ፥ አንድ ስንዝር ግማሽ እንኳ ጠልቆ እንዲገባ አድርጎ፥ በቀዳዳው ላይ አሸዋ በመጥረግ ነው። አሸዋው ቀዳዳው ተመልሶ እንዳይዘጋ ይደግፈዋል። የጎልፍ ሰዎች ይህን የሚያደርጉት በመኪና ነው፤ ብረትና ጉልበት ያለው የሰፈር ወጣት ግን የጎሉን አፍ በአንድ ቅዳሜ ሊጨርስ ይችላል።

ከእነሱ አሠራር በጣም የወደድኩት ሌላ ነገር አለ። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን የሚሰበሰበው በእሱ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ጠባቂው በየማለዳው በሌላ ቦታ አዲስ ጉድጓድ ይቆርጥና፥ ከዚያ ያወጣውን ሣር ከነአፈሩ አምጥቶ የትናንቱን ይደፍንበታል። ጉድጓዷ ትዞራለች፥ ሣሩ ያርፋል። እኛ ግን ጎላችንን አንድ ጊዜ ከተከልን በኋላ እንደ ሐውልት እናያለን። ከዚያም የጎሉ አፍ ጎድጓዳ ሆኖ ዓሣ ሊረባበት ሲቃረብ እንገረማለን!

ስለ ዕረፍት ከተነሣ፥ በሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ ከጥቂት ታላላቅ ውድድሮች በቀር እስከ ዛሬ እሑድ ለጎልፍ ዝግ ነው። ሜዳውም ሰንበት አለው ማለት ነው። ይህን ስናነብ የፈረንጅ ብልሃት ብለን እንዳናደንቅ፥ የመንዝ ሰው ከዚያ የበለጠውን ሠርቷል። በመንዝ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ፥ ጓሳ በተባለው ሥፍራ፥ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ሕዝቡ በመረጠው አለቃ ሥር ሆኖ የጓሳውን ሣር ይዘጋል፤ እስከ 3 እስከ 5 ዓመትም ሳይነካ ይቆያል። ሣሩ መድረሱ ሲታመንበት ይከፈትና በሥርዓት ይታጨዳል፤ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይውላል። ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲያፈርስ ይህም አብሮ ተናጋ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ እንደገና ተደራጅቶ ጓሳን ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ሥፍራ አድርጎታል። አንድ የኳስ ሜዳ እንደ ተለመደው 105 በ68 ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ጓሳ ግን 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህላል። መንዞች ያን ሁሉ ለዓመታት መዝጋት ከቻሉ፥ እኛ አንዲቷን ሜዳ ለሁለት ወር መዝጋት ያቅተናል?

ስለ ደጋው አንድ ነገር ልጨምር። ሰርዶ ፀሐይና ሙቀት ይወዳል፤ በጥላ ሥር ይሞታል፥ በብርድ ያንቀላፋል። ስለዚህ ከሳንጃ ቆላ እስከ ትክል ድንጋይና ጎንደር ድረስ ቤቱ ነው፤ ወደ ደባርቅ ሲወጡ ይደክማል። በስሜን ተራሮች ላይ የሚበቅለው ጓሳ በቤተሰቡ በስኮትላንድ የጎልፍ ሜዳ ላይ ላለው ቀጭን ሣር የቅርብ ዘመድ ቢሆንም፥ በጉብታ በጉብታ የሚያድግ በመሆኑ ለኳስ አይሆንም። በደጋ ያለ ሰው በአካባቢው መንገድ ዳር ተረግጦ የሚኖረውን አጭር ሣር ተመልክቶ ከዚያ ቢወስድ ይሻለዋል፤ መንገድ ዳር የኖረ ሣር ፈተናውን ያለፈ ነው።

«ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነው?» የሚል ቢኖር፥ ጨዋታ ቀላል ነገር አለመሆኑን ከቅርብ ጊዜ ታሪካችን ይመልከት። ስታዲየሞቻችን የአህጉሩን ፌዴሬሽን መመዘኛ ስላላሟሉ፥ ብሔራዊ ቡድናችን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈው በሜዳው ተብሎ በማላዊ፥ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ያን የመሰለ ቀን በሰው አገር ዋለ። የጎደለው ሣር ብቻ እንዳልነበር እረዳለሁ። ሰው ሠራሽ ሣር ይተከል የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን እሱ በፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል፥ ሲያረጅም ሌላ መግዛት ነው እንጂ ራሱን አይተካም። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ወደ ጎንደር ሲያመጣ፥ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ኳስን የጀመሩት በአቧራ ሜዳ ላይ እንደ ሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ታዲያ በትክል ድንጋይ ምን ሊደረግ ይችላል? ሥራው የሚጀመረው በግንቦት ነው። ሜዳው ተጠርጎ፥ ጎድጓዳው ተሞልቶ፥ ውሃ ወደ ዳር እንዲወርድ መሐሉ በጥቂቱ ከፍ ይደረጋል። ብስባሽ ፍግ ይበተናል፤ ትኩስ ፍግ ግን የአረም ዘር ስለሚያመጣ አይሆንም። ዝናቡ በሚገባ ሲይዝ፥ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ፥ ገበሬው ከማሳው ነቅሎ የሚጥለውን ሰርዶ ሳይደርቅ መለመን ነው። ማንም አይከለክልም፤ እንዲያውም ይመርቃል። ሁለት ሦስት አንጓ ያለውን ቁራጭ በየአንድ ስንዝር ተኩሉ በመስመር ተክሎ፥ ጫፉን ከአፈር በላይ ትቶ መርገጥ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መስቀል ድረስ ሰውም ከብትም አይግባበት። ሲረዝም በማጭድ ማስተካከል፤ ክረምቱ ካለፈና መሬቱ ከጠነከረ በኋላ በጎች ቢገቡ ይጠቅማሉ፤ ሰኮናው የከበደ ከብት ግን ለዘወትሩ ይከልከል።

በበጋ ውሃ ከሌለ ሣሩ ይገረጣል። አልሞተም፤ ከአፈር በታች ያለው ግንድ ዝናቡን ይጠብቃል። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ቁስሉን መጠገን ስለማይችል፥ ልምምዱ በሜዳው ዳር ዳር ቢሆንና ጎሉ በየወሩ ጥቂት እርምጃ ቢዛወር ይረዳዋል። ጎሉ ከሁለት እንጨትና ከአንድ አግዳሚ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለማዛወር አራት ልጆች ይበቃሉ።