ኢንዶሜትሪዮሲስና ከእርሱ ሊነሱ የሚችሉ እምብዛም የማይታዩ የካንሰር ዓይነቶች

በየወሩ የሚመላለስ ብርቱ የሆድ ሕመም በብዙዎች ዘንድ «ስትወልጂ ይተውሻል» በሚል ማጽናኛ ብቻ የሚታለፍ ቢሆንም፣ ከሕመሙ ጀርባ አንዳንድ ጊዜ ኢንዶሜትሪዮሲስ የተባለው በሽታ እንደሚገኝ የሕክምናው ዘርፍ ያስረዳል።

በሽታው የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ህዋስ ከማህፀን ውጭ በእንቁልጢ (ኦቫሪ)፣ በአንጀት ወይም በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሲበቅል የሚከሰት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ከሚገኙ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን፣ ማለትም 190 ሚሊዮን የሚሆኑትን እንደሚያጠቃ ይገምታል። ሕብረ ህዋሱ የወር አበባን ተከትሎ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። በዚህም ሳቢያ አካባቢው በየጊዜው ይቆጣል፣ ጠባሳም ይሠራል።

ኢንዶሜትሪዮሲስ በራሱ ካንሰር አይደለም። ይሁንና አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1925 ካንሰር ከዚሁ ሕብረ ህዋስ ሊነሳ እንደሚችል አመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ደግሞ ክሊር ሴል ከተባለው የእንቁልጢ ካንሰር ግማሽ በሚጠጋው ላይ አሪድ ዋን ኤ የተሰኘው ዘረመል ተጎድቶ መገኘቱን፣ በአንዳንድ ታካሚዎችም ተመሳሳይ ጉዳት በአጠገቡ በነበረው የኢንዶሜትሪዮሲስ ህዋስ ላይ መታየቱን አረጋግጧል።

የአደጋው መጠን በአግባቡ ሊታይ ይገባዋል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት መረጃ ላይ ተመስርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት በሽታው ያለባቸው ሴቶች በእንቁልጢ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች አራት እጥፍ ገደማ መሆኑን ገልጿል። እጥፉ ቢያስደነግጥም በተጨባጭ የሚጨመረው ከ10 ሺህ ሴቶች 10 ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም ካንሰርን በመፍራት ብቻ የአብዛኞቹን ታማሚዎች እንቁልጢ ማውጣት ተገቢ አይሆንም።

እጅግ እምብዛም ከማይታዩት መካከል አንዱ በሆድ ግድግዳ ላይ የሚነሳው ካንሰር ነው። በቀዶ ሕክምና በሚወለድበት ጊዜ የማህፀን ህዋሳት በቁስሉ ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በጠባሳው ሥር ጠጣር እብጠት ይወጣል፤ የወር አበባ ሲመጣ ያማል፣ ሲያልፍ ጋብ ይላል። ብዙ ጊዜ ሄርኒያ ወይም የስፌት ክር ያስከተለው እብጠት እየመሰለ ያሳስታል። አብዛኛው ጉዳት አልባ ሲሆን፣ ከስንት አንዴ ግን፣ ምናልባትም ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ወደ ካንሰር ይለወጣል። እብጠቱ በፍጥነት ማደጉ ወይም ሕመሙ የወር አበባን መከተል ትቶ የዘወትር መሆኑ አሳሳቢ ምልክት ነው።

ሕክምናው እብጠቱን በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጭምር ቆርጦ ማውጣት ነው። የወጣው ሥጋ ለፓቶሎጂ ምርመራ ካልተላከ ግን ካንሰር መኖር አለመኖሩ በዓይን አይለይም።