ስለ «ተበላላጭ የምት ዑደት»

በሐረር ጀጎል ዝክር ሲደረግ ዜማውን የሚያጅቡት ከረቡ የተባለው ከበሮና ካበል የተባሉት፣ እርስ በርስ የሚማቱ የእንጨት ቁራጮች ናቸው። እነዚህ የሚሰሙበት የሹዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ፣ ስለ ምት በትክክል የሚናገር አማርኛ አስፈላጊነቱ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል።

ተርጓሚን በተለይ የሚያውከው እኩል ባልሆኑ ክፍሎች የተዋቀረ ዑደት ነው። ለዚህ ቀድመው የሚታሰቡት «ያልተስተካከለ» እና «ጎዶሎ» ናቸው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አይበጁም። የመጀመሪያው ከበሮ መቺው የተሳሳተ ያስመስላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጉድለትን ያመለክታል።

ጉዳዩን ለመመዘን፣ ስያሜዎቹ በሚገባ የተደራጁበትን የሰሜን ሕንድን የጣብላ ጥበብ እንመልከት። በዚያ «ታል» የሚባለው ዑደት «ማትራ» በተባሉ ምቶች ይቈጠራል። ሩፓክ 7 ምት ሲኖረው 3፣ 2፣ 2 ተብሎ ይከፈላል። ጃፕታል ግን 10 ምት ያለው ሲሆን 2፣ 3፣ 2፣ 3 ይሆናል። አሥር ተጋማሽ ቍጥር ስለ ሆነ «ጎዶሎ» ሊባል አይችልም፤ ሁለቱ ግማሾቹም እኩል አምስት አምስት ናቸው። ልዩነቱ ያለው በክፍሎቹ መበላለጥ ነው። ስለዚህ «ተበላላጭ የምት ዑደት» የሚለውን እንመርጣለን፤ መበላለጥ እንጂ ስሕተት አይሰማበትምና።

«ሳም» የሚባለውን የዑደቱን የመጀመሪያ ምት «ከባድ ምት» ማለትም ያሳስታል። ሩፓክ የሚጀምረው ጭብጨባ በሌለበት፣ «ካሊ» ማለትም «ባዶ» በተባለው ምት ነውና። «መነሻ ምት» ቢባል ግን በሁሉም ዑደቶች ላይ ይሠራል።

የከበሮው የቃል ፊደላት፣ ለምሳሌ የሩፓክ «ቲን ቲን ና፣ ዲ ና፣ ዲ ና»፣ አይተረጐሙም፤ እንደ ድምፃቸው ይጻፋሉ። ድምፅን ስያሜ ማድረግ ለሐረርም እንግዳ አይደለም፤ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ «መኪና ግርግር» የተባለው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው።

በእነዚህ ስያሜዎች የከረቡንና የካበልን ምት የሚመዘግብ ሰው፣ አስቀድሞ ክፍሎቹን ይቍጠር፤ እኩል ከሆኑ «እኩል ክፍል»፣ ካልሆኑ «ተበላላጭ» ይበል። ስያሜው ከቈጠራው በኋላ እንጂ በፊት መምጣት የለበትም።